በጓ ታምጣለች፣ ልንካት ልተዋት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

መጋቢት ስለገባ ነው መሰለኝ የዚህ ወር ጥያቄ ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ግልገል ነው። የኛ በጎች እንደ አውሮፓ በጎች የቀኑን መርዘምና ማጠር አይጠብቁም፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፣ በጓን የሚያዛት መኖ ነው። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ ሆዷ ሞልቶ የተጠቃች (አውራ ያገኛት) በግ 5 ወር (ብዙ ጊዜ ከ147 እስከ 150 ቀን) ቆጥራ በልግ ሲጀምር መጋቢት ላይ ትወልዳለች፣ ስለዚህ ድሬም ሀረርም ጉረኖ ያለው ሰው አሁን እንቅልፍ የለውም። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያለሁ፣ ስምም አላወጣሁም። ደግሞ "እርስዎ" እያላችሁ የምትጽፉልኝ ሰዎች ተዉ እንጂ አቦ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ድሬ ላይ አንቱታ የተጀመረው።

ጥያቄ፦ ዶክተር እኔና ባለቤቴ ከሀረር ወጣ ብሎ 11 በግ አለን። ባለፈው ሳምንት አንዷ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ስትነሳ ስትተኛ አመሸች፣ ከዛ ሌሊት ማማጥ ጀመረች፣ ሊነጋ ሲል ጎረቤታችን መጥቶ የታየውን አንድ እግር ይዞ በጉልበት ሳበው፣ ግልገሉ ሞቶ ወጣ፣ በጓም ከዛ ወዲህ በቅጡ አትቆምም። እኔ ቀድመን ብንስብ ይተርፍ ነበር እላለሁ፣ ባለቤቴ በግ ብቻዋን ነው የምትወልደው አትንኳት ባይ ነው፣ ማን ነው ልክ? ሌሎች 4 በጎች ደርሰዋል። (ሀረር፣ ሸንኮር)

መልስ፦ መጀመሪያ የታመመችው ትቅደም። ዛሬውኑ ባለሙያ ይያት፣ ምክንያቱም በጉልበት ከተሳበ በኋላ የማትቆም በግ ወይ ማህፀኗ ተቀዷል፣ ወይ የእግሯ ነርቭ ተጎድቷል፣ ወይ ውስጧ ኢንፌክሽን ይዟል፣ ወይ ካልሲየም አንሷታል፣ ይሄን ደግሞ በርቀት መለየት አይቻልም። እጅ የገባባት በግ በአጠቃላይ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል፣ መጠኑን ግን ሐኪሙ ይወስን፣ ከሱቅ ገዝቶ በግምት መውጋት ይቅር።

ወደ ክርክራችሁ ስመጣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ፣ ጠቡን የሚፈታው ደግሞ ሰዓት ማየት ነው። በጓ ከመንጋው ስትለይ፣ መሬት በእግሯ ስትጭር፣ ስትነሳ ስትተኛ፣ ያ ገና መሰናዶው ነው፣ ማህፀኗ እየተከፈተ ነው፣ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፣ እዚህ ላይ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ አትንኳት፣ ሰውም አይሰብሰብባት፣ ባትሪም አታብሩባት። ነገሩ የሚለወጠው የሽርት ውሃው ሲፈስና ከልቧ ስታምጥ ነው። ከዛች ደቂቃ ጀምረሽ ሰዓትሽን እዪ። ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ውስጥ ምንም ለውጥ ከሌለ፣ እዚህ ላይ ደግሞ አንቺ ልክ ነሽ፣ መጠበቅ የለም። የመጀመሪያ ወሊዷ ከሆነ ትንሽ ጨመር ይደረግላታል፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይደለም።

ቀድመን ብንስብ ላልሽው ግን መሳብ ሁለተኛው ስራ ነው፣ መጀመሪያ ምን እንደመጣ ማወቅ ነው። ደህና የመጣ ግልገል ሁለት የፊት እግሩን አስቀድሞ አፍንጫውን በላያቸው አድርጎ ነው የሚወጣው፣ እጁን ዘርግቶ ወንዝ ውስጥ እንደሚጠልቅ ልጅ። አንድ እግር ብቻ ከታየ ሌላው ወደ ኋላ ታጥፏል ማለት ነው፣ ያንን አንዱን ይዘሽ ስትስቢ ትከሻው መውጫው ላይ ይሰነቀራል፣ የናንተም ግልገል ምናልባት እንደዚያ ነው የሆነው። እግር መጥቶ ጭንቅላት ከሌለ አንገቱ ወደ ጎን ዞሯል። ጭራ ብቻ ከሆነ በቂጡ ነው የመጣው፣ እሱ ለባለሙያ ነው። የኋላ እግሩን አስቀድሞ የመጣ ግን ሳይዞር መውለድ ይችላል፣ ብቻ መውጣት ከጀመረ ቶሎ መውጣት አለበት ምክንያቱም እትብቱ ሲጨፈለቅ ጭንቅላቱ ገና ውስጥ ነው፣ ሊተነፍስ ሲል ውሃውን ይስባል። የፊትና የኋላ እግር በጨለማ እንዴት ይለያል ብትዪኝ በመገጣጠሚያው ነው፣ የፊት እግር ላይ ከሰኮናው በላይ ያሉት ሁለቱ መገጣጠሚያዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚታጠፉት፣ የኋላው ላይ ደግሞ በተቃራኒ።

እጅ የምታስገቢ ከሆነ ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበት ይውለቅ፣ እስከ ክርን በሳሙና ይታጠብ፣ ጓንት ካለ ጓንት፣ ከዛ ቫዝሊን ወይ ንፁህ የምግብ ዘይት በደንብ። በቤቱ ውስጥ ትንሽ እጅ ያለው ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ አብዛኛው ጊዜ ሴቶች ናቸው፣ ጎረቤት መጥራት አያስፈልግም። የታጠፈውን እግር ለማምጣት እሷ ማማጧን ስታቆም ግልገሉን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ፣ ሰኮናውን በመዳፍ ሸፍኖ (ማህፀኑን እንዳይቧጭር) ወደ ፊት ማምጣት፣ ከዛ እሷ ስታምጥ ብቻ አብሮ መሳብ፣ ስታቆም ማቆም፣ አቅጣጫውም ቀጥ ሳይሆን ወደ ታች ወደ ኋላ እግሯ። ሩብ ሰዓት ሞክራችሁ ካልሆነ ስልክ ይደወል። ከወጣ በኋላ ሌላ ግልገል እንዳለ ይታይ፣ የኛዎቹ ጥቁር ራስ በጎች መንታ ብዙ አይወልዱም ግን ይወልዳሉ። እንግዴ ልጁ ብዙ ጊዜ በ2 እና 3 ሰዓት ውስጥ በራሱ ይወድቃል፣ 12 ሰዓት ካለፈው ሐኪም፣ በመሀል ማንም እንዳይጎትተው፣ ድንጋይ ያንጠለጠሉበትም አይቻለሁ፣ እሱ ማህፀኗን ይዞ ነው የሚወርደው።

ጥያቄ፦ እኔ ድሬ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ግቢያችን ውስጥ 5 በግ አለን። አያቴ የመጀመሪያው ወተት ወፍራምና ቢጫ ስለሆነ ግልገሉን ያስቀምጠዋል አፍስሱት ትላለች፣ እናቴ ደግሞ ለኛ ይሁን እንገር ነው ትላለች። ባለፈው ዓመት 2 ግልገል በሳምንታቸው ሞቱብን፣ አሁን አንዷ ልትወልድ ነው። እናቲቱ ብትሞት ወይ ባታጠባስ ምን እንሰጣለን?

መልስ፦ አያትህን አክብራት፣ እናትህንም አክብራት፣ እንገሩን ግን ለግልገሉ ስጠው። ሰው በማህፀን እያለ ከእናቱ የበሽታ መከላከያ ይደርሰዋል፣ በግ ላይ እንዲህ የለም፣ ግልገሉ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው፣ ያለው መከላከያ ሁሉ በእንገሩ ውስጥ ነው። አንጀቱ ያንን እንዳለ ወደ ደሙ የሚያስገባው ደግሞ ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያም እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ወርቅ ናቸው። በተወለደ በሳምንቱ አስቀምጦት ወይ እምብርቱ አብጦ የሚሞት ግልገል ብዙ ጊዜ ጣጣው የተጀመረው እነዚያ ሰዓቶች ላይ ነው፣ ያለፈው ዓመቶቹም እንደዛ ቢሆኑ አይገርመኝም።

ስንት ይጠጣ ካልከኝ በአንድ ጊዜ ለ1 ኪሎ ክብደቱ 50 ሚሊ ሊትር ነው። የኛ ግልገል ሲወለድ ወደ 2.5 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ ወደ 125 ሚሊ፣ ማለትም ሁለት ስኒ የማይሞላ። በ24 ሰዓት ውስጥ በጠቅላላው ግማሽ ሊትር ገደማ እንዲደርሰው ነው የሚፈለገው። ተነስቶ ራሱ ከጠባ አትለካ አትጨነቅ፣ ሆዱን ዳሰስ አድርገው፣ ሞላ ብሎ ከሆነ በቃ። ከመጥባቱ በፊት ግን የጡቷን ጫፍ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርገህ ወተት መውጣቱን እይ፣ ጫፉ ላይ እንደ ሰም የሚደፍን ነገር አለ፣ ደካማ ግልገል እሱን መክፈት አቅቶት ነው ጠባ እየተባለ በረሃብ የሚሞተው። እትብቱንም አዮዲን ውስጥ ንከረው፣ ቀባ ቀባ ሳይሆን ትንሽ ኩባያ ይዘህ ሙሉውን ንከረው።

እናት ካልኖረች እንገር ከሌላ የወለደች በግ፣ ካልሆነ ከፍየል፣ ካልሆነ ከላም። እንገር የተረፋት በግ ካለችህ አሁኑኑ አልበህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ፣ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል፣ ስታወጣው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይሟሟ እንጂ እንዳታፈላው፣ ከፈላ የምንፈልገው ነገር ይሞታል። ከሁለተኛው ቀን በኋላ የፍየል ወይ የላም ወተት አፍልተህ አብርደህ ለብ እንዳለ በህፃን ጡጦ ይሆናል፣ ሙሉ ቅባት ያለው የዱቄት ወተትም ያሻግራል፣ በቀን ወደ ግማሽ ሊትር ለ4 ወይ ለ5 ተከፍሎ፣ ክብደቱ ሲጨምር እየጨመርክ። ሻይና ስኳር አይሆንም። ቢያንስ እስከ 6 ሳምንት ወተት አይቋረጥበት፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ሳርና ትንሽ ፉርሽካ ፊቱ ይኑር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ጣትህን አፉ ውስጥ ስታደርግ አፉ ቀዝቅዞ የማይጠባ ከሆነ በጡጦ እንዳታንቆረቁርበት፣ ወደ ሳንባው ነው የሚገባው። ተራ ቴርሞሜትር ከፋርማሲ ግዛ፣ ደህና ግልገል ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው፣ ከ37 በታች ከወረደና ከተወለደ ከ5 ሰዓት በላይ ከሆነው ማሞቅ ብቻውን ሊገድለው ይችላል፣ ስኳሩ አልቋል፣ ሐኪም ግሉኮስ በመርፌ ሰጥቶት ነው የሚሞቀው። ብርድ ድሬ ላይ የለም የምትሉ ደግሞ አላችሁ፣ የረጠበ ግልገል ላይ ንፋስ ካለ ድሬም ይበርዳል፣ ሀረር ሌሊት ላይማ አይወራም። ድሬ ላይ ቀን ቀን ያለው ችግር ግን ሌላ ነው፣ የምታጠባ በግ ውሃ ከጠፋባት በዚያ ሙቀት ወተቷ ይደርቃል፣ ጥላና ውሃ ቀኑን ሙሉ።

ጥያቄ፦ ከሀረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነን። ልትወልድ 2 ሳምንት የቀራት በግ መብላት አቆመች፣ ከሌሎቹ ተለይታ ቆማ ግድግዳ ላይ ታፈጣለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ዛሬ ተኝታለች። ሆዷ በጣም ትልቅ ነው። የምንሰጣት የማሽላ አገዳና ገረባ (የጫት ትራፊ) ነው፣ ሰው ቡዳ ነው አለን።

መልስ፦ ቡዳውን ተዉት፣ ረሃብ ነው። ሆዷ ትልቅ ከሆነ መንታ ነው የያዘችው፣ ግልገል ደግሞ ከሚያድገው ሁለት ሦስተኛ በላዩን የሚያድገው በመጨረሻው 6 ሳምንት ነው፣ በዚያው ሰዓት ማህፀኑ ጨጓራዋን ስለሚገፋው ብዙ መብላት አትችልም፣ ሆዷን የምትሞላው ደግሞ በደረቅ የማሽላ አገዳ ነው። ያኔ የራሷን ስብ ማቃጠል ትጀምራለች፣ ያ ስብ ሲቃጠል የሚተወው ኪቶን ደግሞ ይመርዛታል፣ እያያችሁ ያላችሁት እሱን ይመስላል፣ የካልሲየም ማነስም ስለሚመሳሰለው ሐኪሙ ሁለቱንም ያስባል። ዛሬ ነው የሚጠራው እንጂ ነገ አይደለም፣ ከተኛች በኋላ የመትረፍ እድሏ በየሰዓቱ ነው የሚቀንሰው። በደም ስሯ ግሉኮስ፣ ካልሲየም፣ ከተገኘ በአፏ ፕሮፓይሊን ግላይኮል፣ አንዳንዴም መውለጃዋ ቀርቦ ከሆነ እንድትወልድ ማድረግ። ሐኪሙ እስኪመጣ ሞላሰስ በውሃ በጥብጣችሁ ከወደደች ትጠጣ፣ በግድ ግን አትጋቷት።

ለቀሩት በጎች አሁኑኑ ጀምሩ። ገረባው ጥሩ ነው፣ ጫት ያለበት አገር ላይ ገረባ የማይበላ በግ የለም፣ ግን መድኃኒት የተረጨ ጫት እንዳይሆን ከየት እንደመጣ እወቁ፣ ለእርጉዝ በግ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። በመጨረሻው 6 ሳምንት በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ፉርሽካና ፋጉሎ፣ ከትንሽ ጀምራችሁ በሳምንት ውስጥ ማድረስ ነው፣ በአንድ ቀን ዘርግፋችሁ ከሰጣችኋት ሆዷ ይነፋል። ቢራ ፋብሪካ የሚቀርበው ሰው ደግሞ ከገብሱ የሚተርፈውን እርጥብ ተረፈ ምርት መጠቀም ይችላል፣ ትኩስ ከሆነ ምርጥ ነው፣ ከሰነበተ ግን ይሻግታል። ባቢሌ መንገድ ላይ ስለሆናችሁ ስለ ለውዝ አንድ ነገር፣ የለውዝ ፋጉሎና ቅጠሉ ግሩም መኖ ነው፣ ብቻ ሰው አልገዛ ያለውን ሻጋታ ለውዝ ለበግ አትድፉት። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው፣ ጉበቷን ይበላል፣ ግልገሉንም ይጎዳል። ለሰው የማይሆን ለበግ ይሆናል የሚባለው ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ በ3 ሳምንት ውስጥ 3 በግ ጨነገፉብኝ። የወደቀውን እኔ ራሴ አንስቼ ጣልኩት፣ ባለቤቴም ጉረኖውን ታጸዳለች፣ የ6 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ችግር አለው? (ድሬዳዋ)

መልስ፦ አዎ አለው፣ ይሄን ጥያቄ ከሁሉም አስቀድሜ በስልክ መልሼልሃለሁ፣ እዚህ የማወጣው ለሌሎቹ ነው። ባለቤትህ ከጉረኖው ትውጣ፣ በጎቹ ወልደው እስኪጨርሱ አትግባ፣ የስራ ልብስህንም እሷ አትጠብ፣ ለሐኪሟም በጎች እንደጨነገፉባችሁ ትንገር። በግ ከሚያስወርዱት በሽታዎች ብዙዎቹ (ብሩሴላ፣ ክላሚዲያ፣ ቶክሶፕላዝማ) ወደ ሰው ይተላለፋሉ፣ እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ ይከፋሉ። አንተም ትኩሳት እየመጣ እየሄደ፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ህመም ካለህ ድሬ ላይ ሁሉም ወባ ነው ታይፎይድ ነው ብሎ ነው የሚሰጥህና በግ እንዳለህና እንደጨነገፉብህ ሳትጠየቅ ተናገር። ወተቱ ሳይፈላ አይጠጣ።

ከአሁን በኋላ የወደቀ ነገር ካገኘህ በባዶ እጅ የለም፣ ጓንት ከሌለ እጅህን ሁለት ፌስታል ውስጥ አግባ፣ ሽሉንና እንግዴ ልጁን አሽገህ በበረዶ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው አስረክብ፣ ናሙናው ሒርና ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ወይ ወደ ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሊላክ ይችላል። ምክንያቱ ሳይታወቅ መድኃኒት መግዛት ብር መድፋት ነው። የጨነገፉትን ለይ፣ ውጤት ሳይመጣ ደግሞ ገበያ አውጥተህ አትሽጣቸው፣ ቢያንስ ለሚገዛህ ሰው ብለህ።

ጥያቄ፦ ጅብ! ከጀጎል ውጪ ፈላና በር አካባቢ ነን፣ በጎቹ ሊወልዱ ሲሉ ጅቦቹ እንዴት ነው የሚያውቁት?

መልስ፦ በአፍንጫቸው ነዋ። ሀረር ላይ ጅብ አይምጣ ማለት አይቻልም፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሥጋ የሚያጎርሰው ከተማ ነው፣ ግን ደምና እንግዴ ልጅ ውጪ የሚጥል ሰው ግብዣ ነው የጠራው። እንግዴ ልጁን በጥልቅ ጉድጓድ ቅበረው፣ ላዩ ላይ ድንጋይ፣ ወይ አቃጥለው፣ ደም የነካው ጉዝጓዝም እንደዛው። የደረሱትን ከመሸ አታስወጣ፣ ጣሪያ ያለው ግድግዳው እስከ መሬት የደረሰ ቦታ ውስጥ እናትና ግልገልን ለሁለት ቀን ለብቻቸው አድርጋቸው፣ ይሄ ለጅቡ ብቻ አይደለም፣ የመጀመሪያ ወሊዷ የሆነች በግ ልጇን የምትለምደውም እንደዚህ ተዘግታ ነው።

ጥያቄ፦ አረፋ ላይ የሚሸጥ ጠቦት እንዲደርስልኝ አውራውን መቼ ልልቀቅ? በየዓመቱ ወይ ይቀድማል ወይ ያረፍዳል። (ድሬዳዋ፣ መልካ ጀብዱ)

መልስ፦ የሚያታልልህ በኛ አቆጣጠር ስለምትሄድ ነው፣ አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል፣ ከአረፋ እስከ አረፋ 354 ቀን ነው። ለኡድሂያ (ለአረፋ እርድ) በግ ቢያንስ 6 ወር የሞላው መሆን አለበት፣ ያም እንደ ዓመት በግ ሰውነቱ የሞላ ከሆነ ነው (ዝርዝሩን ሼኹን ጠይቅ)። እርግዝናው 5 ወር ነው፣ ስለዚህ ከ354 ላይ 150 ስትቀንስ፣ ከዛ የ6 ወሩን ስትቀንስ የሚተርፍህ ወደ 3 ሳምንት ብቻ ነው። አረፋ ባለፈ በ3 ሳምንት ውስጥ ያልተጠቃች በግ ለሚቀጥለው አረፋ አትደርስም፣ በግ ደግሞ በ17 ቀን አንዴ ስለምትፈልግ ያለህ አንድ ዙር ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ግን የ6 ወሩን ሩጫ ተወው፣ ድሬ ገበያ ላይ አረፋ ሲደርስ ገዢው ትልቅ በግ ነው የሚያየው፣ ከአረፋው 17 ወር በፊት አስጠቅተህ ዓመት የሞላው ብታወጣ ዋጋውም ሌላ ነው። ያ ሂሳብ መውለጃውን ደረቅ ወር ላይ ከጣለብህ ደግሞ ፉርሽካውን ካሁኑ አስበህ ግዛ።